ያጸዳኋቸው አምስት መስታወቶች

ኮልፌ ውስጥ ማይክሮስኮፕ የሚጠግን አንድ ሰው ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። ሁለተኛ አልነበረም። ማንም አላስተማረኝም። በጉርምስናዬ ጆንያ ተሸክሜ «ቆራሌው!» እያልኩ እስከ ዓለም ባንክ ስዞር፣ ሰው የሸጠልኝን አሮጌ ካሜራና መነጽር ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ ብሎን ሲተርፈኝ ደግሞ እንደገና ፈትቼ ነው የተማርኩት።

ሱቄ ከገበያው ጀርባ ያለች ቆርቆሮ ነበረች። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ትንፋሹን ውጭ ትቶ ነው የሚገባው። አንድ ሕግ ነበረኝ፦ ዕቃ ከእጄ ሲወጣ ጸድቶ ይወጣል፣ በነጻ። ራዲዮ የሰጠኝ ሰው ባይዘፍንለት እንኳ ፊቱን አይቶበት ይላጫል።

አንድ ረቡዕ አንዲት ልጅ እግር ተመራማሪ ማይክሮስኮፗን እንደ ጨቅላ ታቅፋ መጣች።

«ጋሼ፣ ምስሉን ካስተካከልኩት በኋላ ዘንጉ በራሱ ይወርድና ይደበዝዛል። ሰኞ መምህራኖቼ ፊት ማሳየት አለብኝ። የሦስት ዓመት ልፋቴ ነው።»

«ምንድን ነው የምታሳዪአቸው?»

«የሚሞቱ ሴሎችን የሚበሉ ሴሎች።»

ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው እንደ ልማዱ እኔን ሊያበሽቅ ከደጁ ሆኖ «ፕሮፌሰር፣ ይሄማ የቀብር ሥራ ነው፤ እድር ይጠራ!» አለ።

ሳቀችና አስረዳችን። ሰውነታችን ውስጥ ሴል ሊሞት ሲል ቆዳው ላይ «አንሱኝ» የሚል ምልክት ያወጣል። በላተኛው ነጭ የደም ሴል መጥቶ ይውጠዋል፤ የሚጠቅመውንም ለይቶ ይመልሳል። ካልተነሳ ይፈነዳና ሰፈሩ በሙሉ ይቆጣል። የእሷ ጥያቄ፣ በላተኛው አንዳንዴ ምልክቱ እያለ ለምን ያልፋል የሚል ነው።

«ይሄማ ቆራሌው ነው!» አልኳት። «እኔ ስዞር የምጮኸው እኔ ነበርኩ፤ እዚህ ግን ዕቃው ነው የሚጮኸው። የሚያልፈው ደግሞ ጆንያው ሞልቶበት ነው።»

ደብተሯ ላይ ጻፈችው። እምላለሁ፣ ጻፈችው! ጫማ ሰፊው የአስቤዛ ዝርዝር ነው ይላል፤ ቅናት ነው።

ሴሎቹ የተቀቡባቸው ስድስት ስስ መስታወቶች «በእነዚህ ይሞክሩት፣ አደራ» ብላ ትታልኝ ሄደች። የላላውን ዘንግ ከብስክሌት ከመነዳሪ ላስቲክ በቆረጥኩት ቀለበት አጠበቅኩት፤ ቀጥ! ከዚያ ወደ ጽዳቱ። መስታወቶቹ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነገር ተለቅልቀዋል። አደራ ከተባልኩ ደግሞ አብዝቼ ነው የማጸዳው። በጥጥና በአልኮል አምስቱን እንደ ምንጭ ውሃ አደረግኳቸው። ስድስተኛው ማይክሮስኮፑ ላይ ስለነበር ረሳሁት።

ዓርብ መጣች። አንዱን ወደ ብርሃን አነሳች፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን። ከዚያ ዱካዬ ላይ ቁጭ አለች።

«ማነው የነካቸው?»

ዕድሜ ልኬን «እኔ ነኝ» ማለት የምወድ ሰው፣ ያን ቀን ቃሉ አልወጣ አለኝ። ጫማ ሰፊው እንኳ መዶሻውን አቆመ።

«እኔ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ። «ቆሻሻ መስሎኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ'ኮ ቆሻሻውን ነው የማጠናው!»

ስድስተኛውን በማይክሮስኮፑ አየች፤ ከዚያ «ይምጡ» አለችኝ። አጎንብሼ አየሁ፦ አንድ ትልቅ ሴል ሆዱ ክብ ክብ ነገር ሞልቶታል። አጠገቡ አንድ ያልተነሳ ሟች አለ። ምስሉ ንቅንቅ አይልም።

«በአንድ መስታወት አያምኑኝም» አለች። «ትንሽ ናሙና ቀርቶኛል፤ ቅዳሜና እሁድ አዲስ እሠራለሁ። ግን ይሄ ዘንግ መሃል ላይ ቢወርድብኝስ?»

«አይወርድም። ቢወርድም አጠገቡ እኔ አለሁ።»

ማይክሮስኮፑን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ አብሬያት ሄድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ላቦራቶሪዋ ውስጥ ተቀመጥኩ። ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ባልኩ ቁጥር «ጋሼ፣ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ!» ትለኛለች። እኔም እንደ ተማሪ እከታለሁ።

ሰኞ ከሰዓት ደወለች። «አለፍኩ! አንዱ መምህር በላተኛው ሟቹን ለምን ያልፈዋል ሲሉኝ፣ ምናልባት ጆንያው ሞልቶ ነው አልኳቸው። ሳቁ፤ ግን ቀጥዪበት አሉኝ።»

ለጫማ ሰፊው ስነግረው «ታዲያ አስቤዛው ተገዛ ወይ?» አለ።

ዛሬ ያቺ የቆርቆሮ ሱቄ ለመንገድ ፈርሳለች። ጫማ ሰፊው አገሩ ገባ። እኔ ዓለም ባንክ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ ወለሉ የሚያብለጨልጭ ሱቅ አለኝ፤ ከደጅ የሚሰድበኝ ሰው ግን የለም። ቆራሌው ሲያልፍ ብቻ ወጣ ብዬ አየዋለሁ፤ ጆንያው ምን ያህል እንደሞላ።

ካጸዳኋቸው አምስት መስታወቶች አንዱን በኋላ ሰጥታኝ ነበር። መስኮቴ ላይ አቁሜዋለሁ። ደንበኞች ጠጋ ብለው «ምንም የለበትም እኮ» ይሉኛል።

«አዎ» እላለሁ፣ «እኔ ነኝ።»