ጋቢና ውስጥ ምሳ የሚበሉት ሾፌር

ጋሽ ኸሚስን ያወቅኳቸው ቃሊቲ፣ እኔ በምሠራበት ጎሚስታ ቤት ነው። ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም፣ ካጠፋሁ ይቅርታ። የገልባጫቸውን ጎማ ፈትቼ ሳልጨርስ ግድግዳ ተደግፈው፣ ቆመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ያንኮራፋሉ፣ ከዚያ ትንፋሻቸው ቁርጥ ይላል፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ብንን ይላሉ።

ሾፌሩ ጓደኛቸው ፈየራ ይቀልድባቸዋል።

"ኸሚስ፣ ጫት ጨምር እንጂ! ምርቃና ያጣ ሰው እንዲህ ነው።"

ጨመሩ። ምንም ለውጥ የለም። አንድ ቀን እየነዱ አሸለባቸውና የመጋዘን አጥር ገጩ። ሰው አልተጎዳም፣ ግን ባለ መኪናው ቁልፉን ተቀበላቸው።

ሐኪም ቤት፣ መንጋጋዎ ወደ ኋላ ስለገባ ሲተኙ ምላስዎ ጉሮሮዎን ይዘጋዋል አሏቸው። አፍንጫ ላይ የሚታሰር አየር የሚነፋ መሣሪያ ሞከሩ። እኛ ሰፈር መብራት ይጠፋል፣ ሲጠፋ እሱም ይቆማል። በመጨረሻ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ የላይኛውንም የታችኛውንም መንጋጋ ቆርጠው ወደ ፊት አወጡና በብሎን አሰሩላቸው። አፋቸው ታስሮ ሾርባ በስትሮ እየጠጡ ከረሙ።

ማንኮራፋቱ ጠፋ። ባለቤታቸው እትዬ ኡምሀኒ፣ "ዝም ሲል ሞተ እንዴ ብዬ እቀሰቅሰዋለሁ" አሉኝ። ቁልፉም ተመለሰላቸው።

ግን የታችኛው ከንፈራቸውና አገጫቸው ደንዝዞ ቀረ። ሊመለስ ይችላል ተብለው ነበር፣ እስካሁን አልተመለሰም። ወጥ ቢፈስባቸው አያውቁም።

ሾፌሮች በአንድ ትሪ ነው የሚበሉት። ሥራ በተመለሱ ሰሞን ፈየራ ሽሮውን ጠቅልሎ፣ "በሞቴ!" ብሎ አጎረሳቸው። ግማሹ አገጫቸው ላይ ቀረ። እሳቸው ዝም ብለው ያኝካሉ። አንዱ ሳቀ። ሳቁን አይተው ነው እጃቸውን ወደ አገጫቸው የሰደዱት።

ከዚያ ወዲህ ጋቢናውን ዘግተው ብቻቸውን ይበላሉ። ፈየራም "ጉርሻዬን ናቀ" ብሎ አኩርፏል።

"ጋሽ ኸሚስ፣ ብቻዎን መብላቱ አይከብድዎትም?" አልኳቸው።

በመስኮቱ መንገዱን አዩ። "ለምጄዋለሁ።"

እትዬ ኡምሀኒ ግን አሁን ቤትም ጀርባቸውን ሰጥተው እንደሚበሉ ነግረውኛል።

እባካችሁ፣ በምሳ ሰዓት በቃሊቲ የምታልፉ፣ ጎሚስታው ፊት ለፊት የቆመ ቢጫ ገልባጭ ካያችሁ እሳቸው ናቸው። ምሳችሁን ይዛችሁ ጋቢናው ላይ ውጡ። በግድ አታጉርሷቸው። አገጫቸው ላይ የቀረ ነገር ካያችሁም ምንም አትበሉ፣ የራሳችሁን አገጭ ጥረጉ። ይገባቸዋል።