አንክልን ያወጣሁበት ቅዳሜ

ክሪኬት እወዳለሁ ስል ሐበሻ ወዳጆቼ የምቀልድ ይመስላቸዋል። አንዱ ቸርች በር ላይ ይዞኝ «ያ ሕንዶች ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉበት ነገር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «አንተ ታክሲህን ይዘህ ኤርፖርት ፓርኪንግ ተራ ስትጠብቅ እንደምትውለው ነው። እኛ ግን ሻይ አለን።»

ጨዋታው ላይ የጣለኝ ንግድ ነው። የምኖረው ኦክላንድ ነው፤ ሱቄ ግን ሳን ሆሴ ነው። ሱቁን ለሁለት እንካፈለዋለን። በግማሹ እኔ ጤፍ፣ ሽሮና በርበሬ እሸጣለሁ፤ በግማሹ አንድ ሕንዳዊ የጉጃራት ሰው ሩዝና ቅመም ይሸጣሉ። ሰው ሁሉ «አንክል»፣ አጎቴ እንደማለት፣ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። በራችን አንድ ነው። ቀድሞ የመጣ ይከፍታል። እንግሊዝኛችንም የሁለታችንም የገበያ እንግሊዝኛ ስለሆነ አንተዛዘብም። ግድግዳው ላይ የሰቀሉት ቴሌቪዥን ከክሪኬት ሌላ አያውቅም። በመጀመሪያው ዓመት እንዲያጠፉልኝ ለመንኳቸው። በሁለተኛው ዓመት ደንበኛ ፊት ቆሜ «አንድ ደቂቃ፣ ይቺ ኳስ ትለፍ» የምለው እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

አንክል ስልሳዎቹን አጋምሰዋል። ያም ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጃቸው ከሚያንሱ ኢንጂነሮች ጋር አንድ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ይጫወታሉ። እኔን መምታት ሊያስተምሩኝ ሞክረው ተስፋ ሲቆርጡ ዳኛ አደረጉኝ።

ለማያውቅ ሰው ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ ዱላ ይመታል። ከመቺው ኋላ ሦስት ዘንግ ተተክሏል፤ ከዘንጎቹ ኋላ ደግሞ ጓንት ያጠለቀ ያዥ ይቆማል። ኳሱ የዱላውን ጫፍ እንኳ ነክቶ፣ መሬት ሳይነካ ያዡ እጅ ከገባ መቺው ወጣ። ዳኛው ከወርዋሪው ጎን ቆሞ አንድ ጣት ያነሳል፣ አለቀ። የእኛ ዓይነቱ የቅዳሜ ሊግ ዳኛ ከውጭ አያመጣም። የሚመታው ቡድን ከራሱ ሰው ዳኛ ያቆማል። ሻጩ ሚዛኑን ራሱ ይያዝ እንደማለት ነው። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ እኔ ያደግኩበት ገበያ ሚዛን እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ።

አንክል ግን አልሳቁም። «ኳሱ ዱላህን ከነካ ከማንም በፊት የምታውቀው አንተ ነህ» አሉኝ። «ዳኛውን አትጠብቅም። ዱላህን ብብትህ ሥር ሸጉጠህ ትሄዳለህ።»

አሁን እንዲህ የሚያደርግ የለም። አንድ ሰመር ኦክላንድ ትልቁ ስታዲየም ውስጥ ፕሮፌሽናሎቹ ሲጫወቱ ቲኬት ገዝቼ ወሰድኳቸው። ርችት አለ፣ ዳንሰኛ አለ፣ ጨዋታውም በሦስት ሰዓት ያልቃል። እኔ ደስ ብሎኛል። አንድ መቺ ኳሱ ዱላውን ነክቶ ተያዘበት፤ ዳኛውም ጣቱን አነሳ። መቺው ንቅንቅ አላለም። ሁለት እጁን ገጥሞ ማሽኑ ይይልኝ አለ። ትልቁ ስክሪን ላይ እንደ ልብ ምርመራ ወረቀት ያለ መስመር መጣ፤ ኳሱ ዱላው አጠገብ ሲደርስ መስመሩ ዘለለ። ነክቷል። ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ።

«የሚያውቀውን ነገር ቴሌቪዥን እስኪነግረው ይጠብቃል» አሉ አንክል።

«ማሽን ጥሩ ነው» አልኳቸው። «ማሽንን የሚያኮርፍ ሰው የለም።»

የተናገርኩት ነገር በእኔው ላይ የመጣው በሲዝኑ መጨረሻ ቅዳሜ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ካፒቴናችን መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቀኝ። ፓሎ አልቶ የሚሠራ ኢንጂነር ነው፤ የሁሉንም ሰው ሩጫና ምት ስልኩ ላይ ይመዘግባል። «አንክልን እወዳቸዋለሁ፤ ጉልበታቸው ግን አልቋል» አለኝ። «ዛሬ እስከ መጨረሻው መትተው ካላሸነፉልን የሚመጣው ሲዝን ሊስት ላይ አላስገባቸውም። ለእሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ።»

አንክል አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር ያስራሉ። አስረው ፈቱት፤ እንደገና አሰሩት።

ተራቸው ሲደርስ እኛ ለማሸነፍ ዘጠኝ ነጥብ ቀርቶናል፣ ኳስ ደግሞ አስር። የሚተካቸው ሰው የለም፤ እሳቸው ከወጡ ጨዋታው አለቀ። ዳኛው እኔ ነኝ። ነፋሱ ከሜዳው ጫፍ እየመጣ ኮፍያዬን ይታገለኛል። ወርዋሪው ረጅም ልጅ ነው፤ አጠገቤ ሲያልፍ ትንፋሹ ይሰማኛል።

ኳሱ ሄደ። አንክል ዱላቸውን ሰነዘሩ። ደረቅ ምስር ባዶ ጣሳ ውስጥ ስትወድቅ የምታሰማውን ያህል፣ አንዲት «ጠቅ» ሰማሁ። ኳሱ ያዡ ጓንት ውስጥ ገባ።

በክሪኬት ዳኛ ካልተጠየቀ አይፈርድም። ለአንድ አፍታ ማንም አልጠየቀኝም፤ ያዡ ራሱ እርግጠኛ አልነበረም። «አትጠይቁኝ፣ አትጠይቁኝ» አልኩ በሆዴ። ከዚያ ወርዋሪው ወደ እኔ ዞሮ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጮኸ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

እኔ ያየሁት አንክልን ነው። ዱላው ብብታቸው ሥር እስኪገባ ጠበቅኩ። አልገባም። ሣሩን በዱላው ጫፍ ጠቅ ጠቅ አደረጉ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው። ከዚያ ቀና ብለው ዓይን ለዓይን አዩኝ።

ጣቴን ኪሴ ብተወው ማንም አያውቅም። ሰኞ ጠዋት አንድ በር ነው የምንከፍተው። ማሽን ይህ ችግር የለበትም፣ ከመቺው ጋር ሱቅ አይካፈልም። ጊዜ ለመግዛት ኮፍያዬን አስተካከልኩ። አሁንም እያዩኝ ነው።

ጣቴን አነሳሁ።

እንዳልሰሙ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ በአጠገቤ አለፉ።

ካፒቴኑ ጨዋታውን በስልኩ ይቀርጽ ነበር። ቡድኑ ስልኩን ከብቦ ያቺን ኳስ ደጋግሞ አየ። ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ምንም የለም» አለኝ ካፒቴኑ። «ምን አይተህ ነው?»

«አላየሁም። ሰማሁ።»

«ሌላ ማን ሰማ?»

አንዱ ልጅ ከኋላ «ብራዘር፣ ለየትኛው ቡድን ነው የምትሠራው?» አለኝ። አንክል ሁለት እርምጃ ርቀው የእግር መከላከያቸውን ይፈታሉ። ሁሉንም ሰምተዋል። ቀበቶውን ፈቱ፣ ጠቀለሉ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ቤት ስገባ ለሚስቴ ነገርኳት። «በሰው ሽማግሌ ምን አገባህ?» አለችኝ።

ሰኞ ቀድመው መጥተው ከፍተዋል። ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ ድምፁ ጠፍቷል። ማክሰኞም እንደዚያው። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ከግማሽ ቀን በላይ ተኳርፈን አናውቅም። ደንበኛ ሲመጣልኝ ደስ ይለኝ ጀመር፣ ለሽያጩ ሳይሆን ለወሬው።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት እናት በርበሬ እንድመዝንላቸው እየጠበቁ ስልኬ ነዘረ። ካፒቴኑ ለቡድኑ ግሩፕ ጽፏል። አንክል የወጡት በዳኛ ስህተት ስለሆነ ፍርዱ ፌር አይደለም፤ ስለዚህ የሚመጣው ሲዝን ሊስት ላይ ይቆያሉ። ዳኛ እንቀይራለን። ሃያ የሚሆን ሰው በአውራ ጣት አጸደቀ።

ነገሩ ገባኝ። እኔ ከተሳሳትኩ አንክል ይጫወታሉ፤ እኔ ልክ ከሆንኩ አንክል ቀሩ። «ነክቷል» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ቀና ስል አንክል ከሩዙ ጆንያዎች ማዶ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልካቸውን አስጠግተው ያነባሉ። ያነበቡት ያንኑ ነው።

«ልጄ፣ በርበሬው» አሉኝ እናትየዋ።

«እሺ እናቴ፣ ይቅርታ» አልኩ። እጄ ላይ ያለው ማንኪያ ሚዛኑ ላይ ሳይደርስ ቀርቷል።

አንክል ስልኩን አስቀመጡ። ሁለት ኪሎ የማይሞላ ምስር ከአንድ ጆንያ ወደ ሌላው አዛወሩ፤ የማያስፈልግ ሥራ ነው። ከዚያ ስልኩን መልሰው አነሱት። መተየብ ይቸግራቸዋል፤ አፋቸው አጠገብ አድርገው፣ ሱቁ ሁሉ እየሰማ፣ ድምፅ ቀረጹ።

«ልጆች፣ ኳሱ ዱላዬን ነክቷል። እኔም ሰምቻለሁ። መሄድ ነበረብኝ፣ አልሄድኩም። ዳኛው ልክ ነው።»

መልእክቱ ከሁለት ሰከንድ በኋላ እኔም ስልክ ላይ ደረሰ። አልከፈትኩትም።

ስልኬ ካፒቴኑ «እየጻፈ ነው» ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይላል። በመጨረሻ የመጣው «እሺ አንክል። ሪስፔክት።» የሚል ነው። አመሻሹ ላይ የሚመጣው ሲዝን ሊስት ወጣ። ስማቸው የለም። የእኔ ከታች «ዳኛ» ከሚለው ፊት ለፊት አለ።

አንክል ሊስቱን እስከ ታች አነበቡት። ሪሞቱን ይዘው ወደ ሱቁ የእኔ ግማሽ መጡና ባንኮኒዬን ተደግፈው ስክሪኑን ያዩ ጀመር።

«ጆሮህ ጥሩ ነው» አሉኝ፣ ሳይዞሩ።

«ባለቤቴ በዚህ አትስማማም» አልኳቸው።

ድምፁን ከፍ አደረጉት።