ስሙ እንዳይጻፍ ያሉት አክስቴ

ዛሬ ጉና ተራራ ሥር ባለው የቀበሌያችን ቤተ ክርስቲያን፣ በጦርነቱ ለሞቱ የአካባቢያችን ልጆች የቆመው ሐውልት ሲመረቅ ስሞቹ አንድ በአንድ ተነበቡ። የአክስቴ ልጅ የይርጋ ስም ግን አልተጠራም።

ዘምቶ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። ረስተውታል ብዬ ተናድጄ ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሄድኩ።

"አልረሳነውም። እናቱ ናቸው አይጻፍ ያሉን" አሉኝ።

አክስቴን ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"መርዶ አልመጣልኝ፣ ሬሳውን አላየሁ። በየትኛው አፌ ሞቷል ልበል፣ ልጄ?" አሉኝ።

ለሟቾቹ የተደረገው ጸሎተ ፍትሐት ሲያልቅ አክስቴ ሐውልቱ ሥር ከተቀመጡት እናቶች መሀል ገብተው፣ የሌሎቹን ልጆች በየስማቸው እየጠሩ አለቀሱ። የይርጋን ስም ግን አንዴም አላነሱም።

በእናንተስ ሰፈር፣ መርዶው ያልመጣ ሰው እንዴት ይታሰባል? እስቲ ጻፉልኝ።