ቅዳሜ የሚመጣው እንጀራ

እንጀራው አልተቀደደም፤ ተሳበ። የልጄ ልጅ፣ ገና ሰባት ዓመት ያልሞላት፣ ጫፉን በሁለት ጣቷ ይዛ ስትጎትተው እንደ ላስቲክ ተለጠጠ፤ እጇ ላይ የቀረውም ደጋግማ ከጎተተችው በኋላ ነው። ጤፍ እንዲህ አይሆንም። ጤፍ ትሑት እህል ነው፣ ገና ሲነኩት እሺ ይላል። የሚለጠጠው ስንዴ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፣ ፊደልም የለየሁት ከጎለመስኩ በኋላ ባለቤቴ አስተምሮኝ ነው፤ እህልን ግን በጣቴ አነባለሁ።

ልጅቷ ጎረሰች። እኔም ዝም አልኩ። ያን ዝምታዬን እስከ ዛሬ አልወደውም።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ልጆቼ በየአገሩ ስለተበተኑ እኔም እንደ ወፍ ነኝ፤ ግማሽ ዓመት አንዷ ጋ፣ ግማሽ ዓመት ሌላው ጋ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ወደ ኦስሎ የመጣሁት በመስከረም መጨረሻ፣ ሴት ልጄ ደውላ «እማዬ፣ ልጅቷ አልበረታ ብላኛለች፤ ነይልኝ» ስትለኝ ነው። የሚኖሩት ሮመን በሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ ገና ሳይነጋ ወጥታ ቢሮ ታጸዳለች፤ ከዚያ ደግሞ የሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት ገብታ ትሠራለች። ባል አብሯት የለም፤ ልጅቷን ብቻዋን ነው የምታሳድገው።

በሩ ሲከፈት ልጅቷን አላወቅኳትም። እጅና እግሯ ጭራሮ፣ ሆዷ ግን ከበሮ። እንዲህ ያለ ልጅ በአገሬ አይቻለሁ፣ እህል በጠፋበት በክፉው ዘመን። ያኔ ቢያንስ ምክንያቱን እናውቅ ነበር። ፍሪጁ ሞልቶ፣ ቁም ሣጥኑ ሞልቶ እንዲህ ያለ ልጅ ማየት ግን ሌላ ነው፤ ሰው ጀርባውን ዞር ብሎ እንዲያይ ያደርገዋል።

ሐኪም ቤት በሽታውን አውቀውታል። አንጀቷ ስንዴና ገብስ፣ የነሱም ዘመድ የሆነውን ሁሉ አይችልም። ግሉቴን የሚሉት ነገር ነው። ፍርፋሪም ቢሆን እንዳይነካት ተብሏል። ልጄም ከቤት ያልጣለችው ነገር የለም፤ ዳቦውን፣ ፓስታውን፣ ብስኩቱን። ልጅቷ ግን አልዳነችም። ሐኪሟ ልጄን ፊት ለፊት አይታ «ከገና በፊት ደሟን እንደገና እናያለን። በደሟ ውስጥ ያለው የበሽታው ምልክት ካልወረደ አስተኝተን በጉሮሮዋ ቱቦ አስገብተን አንጀቷን እናያለን፤ ሌላ የከፋ ነገር ካለም እንፈልጋለን» ብላታለች። «የከፋ» የሚለው ቃል ከልጄ ጋር ቤት ገባ። ዕቃ ስታጥብ በመሐል እጇ ይቆማል፤ ያን ጊዜ እሱን እያሰበች እንደሆነ አውቃለሁ።

ልጅቷ በደስታ የምትበላው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ ከግሮሩድ ሰፈር የሚመጣውን እንጀራ። የምታመጣው የክርስትና እናቷ ናት፣ በሰማንያ ቀኗ ታቅፋ ያስጠመቀቻት። ቅዳሜ ከሥራ ወጥታ ቤቷ ትጋግርና ገና ትኩስነቱ ያልለቀቀውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ታመጣለች። ልጄ ገና በመጀመሪያው ጠይቃት ነበር። «እመቤቴን! ሊጤ ጤፍ ብቻ ነው» ብላ ማለች። አበልጅ ከማለ በኋላ መልሶ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

እኔ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ቅዳሜ ትበላለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ጭኔ ላይ ትተኛለች። ሰኞ ሆዷን ይዛ ትምህርት ቤት ትቀራለች። ረቡዕ ቀና ትላለች፤ ሐሙስ ትስቃለች። ሐሙስ የምትስቀው ሳቅ ልቤን ያርደው ነበር፣ ምክንያቱም ቅዳሜ እየመጣ ነው።

ለልጄ ነገርኳት።

«ልጄ፣ ይህ እንጀራ ይሳባል።»

«እማዬ፣ በናትሽ!» አለች፣ ጫማዋን እያወለቀች። «እዚህ አገር ያለችኝ እሷ ናት። ስወልድ እጄን የያዘችኝ እሷ ናት። ምን ልበላት? ልጄን መረዝሽብኝ ልበላት?»

«መረዝሽ አልኩ?»

«አላልሽም። ሆድሽ ግን ብሏል።»

እንግዲህ በአፌ ካልሆነልኝ በእግሬ ብዬ ወጣሁ፤ ልጅቷ እንጀራውን እንድትረሳ የሚያደርግ ሌላ ጥሩ ምግብ ፍለጋ። ባቡሩን፣ እነሱ ቲባነ የሚሉትን፣ ያለ ሰው መሳፈር ለምጄ ነበር። አንዳንድ ቀን መጨረሻው ጣቢያ ድረስ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። ኖርዌጂኛ ማንበብ ስለማልችል ልጄ ምልክት አሳየችኝ፤ የስንዴ ዘለላ ተስሎ መስመር ተጋድሞበታል። ያ ያለበትን ብቻ አንሺ አለችኝ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ዘለላ ሲሰረዝ ማየት ደስ አይልም። ዘለላ ሲጠፋ ያየሁት አንበጣ ሲመጣ ነው፣ በረዶ ሲወርድ ነው። ስቶቭነር በሚባለው ሰፈር ባለው ትልቅ ሱቅ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አድርጌ ያን የተሰረዘ እህል እየለቀምኩ ወደ ቅርጫቴ ስጨምር እጄ ይከብደኝ ነበር።

ዳቦውን ይዤላት ገባሁ።

«ናይ፣ እማማ» አለች ልጅቷ፣ በእነሱ ቋንቋ አይ ማለቷ ነው። «ስፖንጅ ነው።»

«ቅመሺው እንጂ!»

«ቀመስኩት እኮ። ሳሙና የሌለው ስፖንጅ።»

እኔም ቀመስኩት። ልጅቷ አልዋሸችም።

ስንት ቀን እንደዞርኩ አላውቅም። ጎዳናው ላይ ያለው ቅጠል አልቆ፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መብራት የሚበራበት ጊዜ ደረሰ። አንድ ቀን እዚያው ስቶቭነር አንዲት የወሎ ሴት ሱቅ ገባሁ። በርበሬና ሽሮ፣ የጤፍ ዱቄትም ትሸጣለች፤ በፌስታል የታሸገ እንጀራ ደጃፏ አጠገብ ተደርድሯል።

«ንጹሕ የጤፍ እንጀራ አለሽ ወይ ልጄ?» አልኳት።

ሻሿን አስተካክላ አየችኝ። «እማማ፣ እንደ ነጋዴ ልመልስልዎት ወይስ እንደ ሰው?»

«እንደ ሰው።»

«እንግዲያ የለኝም። ይሄ ገብስ አለበት። ለማን ነው?»

ነገርኳት። የልጅቷን ሆድ፣ ቅዳሜን፣ የክርስትና እናቲቱን መሐላ፣ የእንጀራውን መሳብ። እየሰማችኝ እጇን ከሚዛኑ ላይ አነሳች።

«ሴትዮዋ አልዋሸች ይሆናል» አለች። «ወላሂ፣ ስለ ሊጡ አልዋሸች ይሆናል። ሊጡን አይጠይቁ እማማ። እርሾውን ይጠይቁ።»

እኔ፣ ዕድሜ ልኬን ሊጥ ስጠብቅ የኖርኩ ሴት! እርሾ ከትናንቱ ሊጥ ተቀንሶ ለነገው የሚቀመጥ አይደል? ዛሬ የገባበት ነገር ነገም፣ ከነገ ወዲያም አለ። በዚህ ብርድ ደግሞ ይተኛል። የተኛ እርሾ በምን ይቀሰቀሳል? ማንም ሴት ታውቃለች።

«አብሽሩ» አለችኝ፣ አይዞዎት ማለቷ ነው። ከጀርባዋ አንድ ከረጢት አወረደች። «ይሄ ዱቄት ታሽጎ የመጣ ነው፣ የእኔ እጅ አልገባበትም። እርሾ የማያስፈልገው ቂጣ ይጋግሩላት። የነገውን እንጀራ ግን…» ብላ ቆመች። ምን ልትል እንደነበር ሁለታችንም እናውቅ ነበር። በማግስቱ ቅዳሜ ነው።

ለልጄ አልነገርኳትም፤ ከአበልጇ አፍ ካልሰማች አታምነኝም። ቅዳሜ የክርስትና እናቲቱን በመስኮት እያየሁ ጠበቅኋት። ገና ከሰዓት ነው፣ ውጭው ግን ጨልሟል። ከጣቢያው ስትወጣ በመንገዱ መብራት ሥር አየኋት፤ ጥቅሉን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ሕፃን እንደታቀፈች ሴት፣ በረዶው እንዳያንሸራትታት እግሯን እየመረጠች። የምወዳት ሴት ናት። እንደዚያች ቀን ግን ሰው ሲመጣ ፈርቼ አላውቅም።

«እቴቴ!» ብላ ልጅቷ ሮጣ እግሯ ላይ ተጠመጠመች።

«የኔ ማር! የኔ ቀጭን! እሰይ፣ ዛሬ ትጠግቢያለሽ።»

ልጄ ወጡን አወጣች፤ ገበታ ቀረበ። የክርስትና እናቲቱ እጇን ታጥባ ተቀመጠችና ከእንጀራው ቆርሳ፣ በወጥ አለስልሳ፣ ጠቅልላ «አፍሽን ክፈቺ» አለች። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።

የአጉራሿን እጅ ያዝኩት። አየር ላይ አንጓዋን ያዝኩና ወደ ራሴ መልሼ ጉርሻውን ጎረስኩት።

«ውይ እማማ!» ብላ ሳቀች የክርስትና እናቲቱ። «ለእርስዎም አጎርሳለሁ እኮ፣ ምን አስቸኮለዎት?» ልጄም ሳቀች። የክርስትና እናቲቱ «አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል» ብላ ሁለተኛውን ጠቅልላ ወደ ልጅቷ ዘረጋች።

ሁለተኛውንም ያዝኩት፣ ጎረስኩት። አሁን የሳቀ የለም። አፌ ሞልቷል፣ አላምጬ ዋጥኩት። ልጄ «እማዬ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ሰው ገደል አፋፍ ላይ የቆመን ሰው እንደሚጠራ።

«ልጄ» አልኳት የክርስትና እናቲቱን፣ «እርሾሽን በምን ነው የምትቀሰቅሺው?»

«እርሾዬን?» ግራ ገባት። «በዚህ ብርድ በምን ይነሳል ብለው ነው? ሁለት ጭብጥ የስንዴ ዱቄት ጣል አደርግበታለሁ። ሊጡ ግን ጤፍ…»

እዚያ ላይ ቆመች። ነገሩ ውስጧ ሲገባ አየሁት። ዓይኗ ከእኔ ወደ ጥቅሉ፣ ከጥቅሉ ወደ ልጅቷ እጅ፣ ከልጅቷ እጅ ወደ ሆዷ ሄደ። አልዋሸችም ነበር። ለእሷ እርሾ እርሾ ነው፣ ሊጥ ደግሞ ሊጥ። ለስንቶቻችን እንዲሁ አይደለም?

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች ልጄ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር።

«ሁልጊዜ» አለች። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ጸሎት መሰለኝ፣ በኋላ ግን ቅዳሜዎችን እየቆጠረች እንደሆነ ገባኝ።

ተነሣች። የቀረውን እንጀራ መልሳ በነጩ ጨርቅ ጠቀለለች፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። የወጣችው ነጠላ ጫማ ተጫምታ ነው፤ ቦቲዋ በር ላይ ቀረ። እኔ ይዤው ስወርድ ደረጃው ላይ የለችም።

«ምን አጠፋች?» አለችኝ ልጅቷ።

«ምንም አላጠፋችም።»

«ታዲያ ለምን ጉርሻዬን ወሰድሽብኝ?»

ቦቲውን በሩ ሥር አስቀመጥኩት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ማንም አልመጣም። በሌላውም። ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። ልጄ ግሮሩድ ድረስ ሄዳ በር አንኳኩታ ተመለሰች፤ መብራቱ በርቷል አለች፣ የከፈተላት ግን የለም። እኔን ቀና ብላ አታየኝም ነበር። አንድ ቀን ልብስ እያጠፈች «ልጄን አተረፍሽልኝ ይሆናል፤ እህቴን ግን…» አለችና ልብሱን ማጠፍ ቀጠለች። ልጅቷ ቂጣውን በቅቤ ትበላለች። ሰኞ ትምህርት ቤት ሄደች። እኔ ግን ደስ ሊለኝ አልቻለም፤ የደህና ወሬ አንድ ቀን ሲዘገይ ደህና አይደለችም ማለት ይመስለኛል።

የልጅቷ ደም ለምርመራ ተወሰደ። መልሱ በልጄ ስልክ መጣ፣ ከሥራ ገብታ ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ። ቆማ አነበበች፣ ደግማ አነበበች፣ ከዚያ በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ወርዷል» አለች። «ቱቦው ቀርቷል፣ እማዬ።»

ልጅቷ «ያ!» ብላ፣ እሰይ እንደማለት፣ ዘለለች፣ ነገሩ ሳይገባት። እኔ ስልኬን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ለክርስትና እናቲቱ ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ። ይዘጋል ስል ተነሣ። ትንፋሽ ይሰማል።

«ወርዷል ልጄ» አልኳት። «ደህና ናት።»

ወንበር ሲሳብ ሰማሁ፤ የተቀመጠች መሰለኝ።

«ዛሬ ምን በላች?» አለች።

«ቂጣ። የጤፍ ቂጣ፣ በቅቤ።»

«ጠገበች?»

«ጠግባለች።»

«በገዛ እጄ እኮ ነው፣ እማማ። ዓይኗን ጨፍና…» አለች። አልዘጋችም። እኔም አልዘጋሁም፤ ልጅቷ ከዚያኛው ክፍል እየጮኸች ስትጫወት እንድትሰማት ስልኩን ወደ በሩ አዞርኩት።