በማንጎ የተፈታው የውትድርና ቃል

እንግሊዝኛ የማስተምረው መርሳ ነው። ጎረቤቴ ሱዳን ውስጥ ሰላም አስከባሪ የነበረ ወታደር ነው። አንድ የዓረብ አገር ድርጅት ሊቀጥረው ፈልጎ፣ የእንግሊዝኛ የአገልግሎት ምስክር ወረቀቱን በዓረብኛ አስተርጉሞ እንዲልክ ጠየቀው። እኔ ወደ አማርኛ፣ በሰፈራችን ቁርኣን የሚያስተምሩት ሸህ ደግሞ ከአማርኛ ወደ ዓረብኛ ልንመልስለት ግቢው ተሰበሰብን።

መጀመሪያው ቀላል ነበር። የሥራው ዓይነት ላይ ስንደርስ ግን ቆምን። ቃል በቃል ሲመለስ «መንገድ ማጽዳት» ይላል።

«በመጥረጊያ?» አሉ ሸሁ እየሳቁ።

ማስረዳት ስለምወድ ከወንበሬ ተነሳሁ። «በውትድርና ቋንቋ መንገድ ጸዳ ሲባል አንድም ፈንጂው ተነሳ ነው፤ አንድም ጠላት ተባረረ፤ አንድም ተፈትሾ ሰው እንዲያልፍበት ተፈቀደ።»

«ማጽዳት ለማለት ተጥሂር ብዬ ብጽፈው የዓረብኛውም ቃል እንደዚያው ብዙ ይይዛል» አሉ ሸሁ። «ለይቼ ልጻፍ ካልኩ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሌላ ቃል አለው። የቱ ይሁን?»

«ፈንጂ ማንሳቱን ይጻፉልኝ አባባ» አለ ጎረቤቴ ፈጠን ብሎ። «ደሞዙ እሱ ላይ ነው።»

ሚስቱ ለአውቶቡስ መንገደኞች የምትሸጠውን ማንጎ እየለየች ነበር። ቀና ብላ አየችው።

ሸሁ ብዕራቸውን ከደኑ። ደረሶቻቸውንም እንደዚሁ ነው የሚያስተምሩት፤ ነገሩን በእጅ ሳያሳዩ ትርጉሙን አይቀበሉም። «ተነስና አሳየኝ» አሉት።

ጎረቤቴ ማንጎዎቹን ከሚስቱ ቅርጫት እያነሳ በግቢው መተላለፊያ ላይ በተናቸው። ለእኔ የመጥረጊያ እንጨት ሰጠኝና «አንተ የፈንጂ መፈለጊያ መሣሪያ ያዥው ነህ፤ ቀስ እያልክ ምራ» አለኝ። ማንጎ አጠገብ በቆምኩ ቁጥር ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ የአገዳ ስንጥር ይተክላል። ማንጎውን ግን አይነካም። ይኼኔ ሚስቱ «ኧረ ልትረግጡብኝ ነው!» ብላ ወደ እኛ መጣች።

«ቁሚ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። ሁለት እጁን ዘርግቶ መንገዱን ዘግቶባታል። እኔም እንጨቴን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

«ፈንጂውን ማን ያነሳዋል?» አሉ ሸሁ።

«መሐንዲሶቹ።»

«አንተስ ነክተህ ታውቃለህ?»

«የለም። ምልክት አደርጋለሁ፤ ሰው እንዳያልፍ እጠብቃለሁ።»

«ያነሳል ብዬ ከጻፍኩ፣ እዚያ ስትደርስ ና አንሳ ነው የሚሉህ።»

«ያኔ ምን ልትላቸው ነው?» አለች ሚስቱ። «እኔ የለመድኩት የማንጎውን ነው ልትል ነው?»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሱ መጨረሻ ላይ። ከዚያ «እንደሆነው ይጻፉት አባባ» አለ።

ሸሁ በአንዱ ቃል ፈንታ ረጅም ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ወደ አማርኛ መልሰው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው፤ «መሐንዲሶች ፈንጂ በሚያነሱበት መንገድ ላይ ምልክት ያደርግና ሰው እንዳያልፍ ይጠብቅ ነበር» አሉኝ። «ይህ ትርጉም ነው ወይስ ማብራሪያ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ያየሁት ነው» ብለው ብዕራቸውን ከደኑ።

ሚስቱ ማንጎዋን ልትለቅም ተነሳች። ከመራመዷ በፊት ግን ቆም ብላ ባሏን አየችው። እሱም ስንጥሮቹን ነቅሎ ጨረሰና፣ በእጁ እለፊ አላት።