በአንድ ሊትር ውሃ

በእኛ ቤት ተረት የሚጀመረው ዝናቡ ሲብስ ነበር። ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ከቴፒ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቡና ተክል መሀል በቆመች ቤት ውስጥ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው መውጫ መግቢያ ስለሚያሳጣን ገና ሳይጨልም ምድጃውን ከበን እንቀመጥ ነበር። ያኔ አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ያልደረቀውን እንጨት ወደ ፍሙ እየገፉ፣ ጭሱ ያስለቀሰውን ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ ቀስ ባለ ድምፅ ይጀምራሉ። አፋቸውን የፈቱት በሸኮ ቋንቋ ስለነበር የአውሬዎቹን ስም በሸኮ፣ የቀረውን በአማርኛ ይነግሩን ነበር።

ከሁሉ የምወደው የጎሹን ተረት ነው። ጎሹ ጫካ ውስጥ ካለ ሆራ፣ ጨው ካዘለ ምንጭ፣ እየጠጣ ይኖራል። በጋው ይበረታና ምንጩ እየጎደለ ይሄዳል። ጉሬዛ ከዛፍ ላይ ሆና ይህ ውሃ የዱሮው ውሃ አይደለም፣ ተው ብትለው፣ ምንጩም ያው፣ ጨዉም ያው፣ ታዲያ ምን ተለወጠ ብሎ ይጠጣል። በጠጣ ቁጥር ይጠማዋል፣ በተጠማ ቁጥር ይጠጣል፤ በመጨረሻ አፉን ውሃው ውስጥ እንደነከረ በጥም ይሞታል። እዚህ ላይ ስንደርስ እኔ እስቃለሁ፤ ገና መናገር የጀመረው ትንሹ ወንድሜ ታምራትም ተረቱ ባይገባውም እኔን አይቶ ይስቃል።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በክረምት ታምራትን ተቅማጥ ያዘው። አባታችን ለሥራ ማጂ ሄዶ ነበር። ትውከት ሲጨመርበት እናቴ ከጅማ መጥቶ ሱቅ ከከፈተው ጎረቤታችን ነስሩ ዘንድ ሮጣ ሁለት ከረጢት ለምለም ይዛ መጣች፤ ለተቅማጥ የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት እንደዚያ ነበር የምንለው። ቤቱ ውስጥ ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ስለነበርኩ ወደ ኩራዙ ብርሃን አስጠግቼ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ሊትር ምን ያህል ነው?» አለችኝ እማዬ።

አላውቅም ነበር። ማንበብ እንጂ ቃሉ ምን እንደሚይዝ አልተማርኩም። በቤታችን ውሃ በእንስራና በኩባያ፣ ቡና በጣሳ ነው የሚለካው። አባባ በከተማ ናፍጣ የሚሸጠው በሊትር ነው ሲባል መስማታቸውን ነገሩን፤ ብዙ ሳይሆን አይቀርም አሉ። እማዬ በጉልበቷ ላይ የዛለውን ልጅ ተመለከተች።

«ያን ሁሉ ውሃ የት ያደርገዋል? ይልቅ መድኃኒቱ ጠንከር ይበልለት» አለችና አፍልታ ያቀዘቀዘችውን ውሃ በኩባያ ቀድታ አንዱን ከረጢት አሟጣ ገለበጠችበት።

ታምራት ጠጣ። ከዚያ በኋላ ከንፈሩን እየላሰ ውሃ፣ ውሃ ይል ጀመር። እማዬ ባዶ ውሃ ሆዱን ያባብስበታል ብላ ስለፈራች፣ ውሃ ባለ ቁጥር ከኩባያው በማንኪያ ትሰጠዋለች፤ ሲያልቅም ከሁለተኛው ከረጢት እንደዚያው በጠበጠች። አባባ እንዲስቅላቸው ብለው የጎሹን ተረት ጀመሩለት። እስከ መጨረሻው ነገሩት፤ እማዬም ሰማች፣ እኔም ሰማሁ፣ ማንኪያው ግን አላቆመም። ታምራት አልሳቀም።

ሲነጋ ዓይኖቹ ጎድጉደው ነበር፤ ሲያለቅስም እንባ አልነበረውም። በአባባ ጋቢ ጠቅልለን በጭቃው እየተንሸራተትን ቴፒ ክሊኒክ አደረስነው። ነርሷ እናቴንና ልጁን አስገብታ ቆየችና ወደ እኛ ወጥታ ምን እንደተሰጠው አባባን ጠየቀች። ለምለም መሆኑን ነገሯት። በምን ያህል ውሃ ስትል እኔ ከዕቃው መሀል ኩባያውን አውጥቼ አሳየኋት። ነርሷ ኩባያውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ከቁም ሣጥኑ ያንኑ ዓይነት ከረጢት አወጣች፤ መስመር የተሰመረበትን ትልቅ ጆግ እስከ መስመሩ ሞልታ ዱቄቱን ጨመረችበት።

«ይህን ያህል ነው፣ አባባ። ውሃው ሲያንስ ጨዉ በልጁ ሰውነት ያለውን ውሃ ይስባል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አባባ ጆጉን አዩ፤ ኩባያውን አዩ። ውስጥ፣ ከታምራት ክንድ ላይ ለጉሉኮስ መርፌ የሚሆን የደም ሥር ጠፍቶ ነበር። ከቀትር በኋላ ታምራት በእናቴ እቅፍ ውስጥ አረፈ።

ክረምቱ ዞሮ መጥቶ እንደገና እሳት ዙሪያ ስንቀመጥ የጎሹን ተረት እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። «እሱን ረሳሁት፣ ልጄ» አሉኝ። የሌላውን ተረት አንዲት ቃል አይስቱም ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሚዛን ተፈሪ ሁለተኛ ደረጃ ስማር የኬሚስትሪ መምህራችን ግራም በሊትር፣ ከመቶ እጅ፣ ሞላሪቲ እያሉ ሰሌዳውን ሞሉት። የሟሟው ነገር መጠን ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ በስንት ውሃ ውስጥ ነው ብላችሁ ጠይቁ አሉ። ከዚያም የአንድ ሊትሩን ጨው በሩብ ሊትር ብንበጠብጠው ስንት እጥፍ ይጠነክራል ብለው ጠየቁ። የክፍሉ ልጆች በአንድ ድምፅ አራት አሉ። የእኛ ኩባያ ሩብ ሊትር መያዟንም እንጃ። ብዕሬን አስቀምጬ ደወሉ እስኪደወል ተቀመጥኩ።

ለዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ እናቴ ሰፌድ ላይ ቡና ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ። አባባ በሕይወት አልነበሩም። እሷም ቀና ሳትል «ያ መድኃኒት ግን ለምን አልረዳውም? አንቺ ተምረሻል» አለችኝ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። «ዘግይተን ነበር፣ እማዬ» አልኳት።

«እኔም እንደሱ ነው የማስበው» አለችና መልቀሟን ቀጠለች።

ዛሬ የታመመ ልጅ ያቀፈች እናት ባየሁ ቁጥር ሊትር ምን ያህል እንደሆነ በኩባያ እየለካሁ አሳያለሁ፤ ይህ ቢያንስ ቀርቶልኛል። እናቴን ግን አልቻልኩም። ጥፋተኛ አይደለሽም፣ ያጠነከርሽለት ስለሳሳሽለት ነው፣ ሊትርን ደግሞ ማንም አላሳየሽም ልላት እፈልጋለሁ። ነገር ግን ይህ እንዲገባት አስቀድማ በዚያ ኩባያ የሆነውን ማወቅ አለባት፤ እሷም እስካሁን አታውቅም።