የጋሽ ተክሌ ጆሮ አልሳተም

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ደም የፈሰሰበት፣ ንብረት የጠፋበት አይደለም፤ ያለው አንድ ገመድና አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሐሜቴንና የሻርኩትን ጾም ቆጥሬ ይህችን ዘለልኳት። ኃጢአት ካልሆነች ለምን ዘለልኳት?

የአጎቴ ልጅ ደረጀ ሞላሌ ላይ፣ ከቤቱ ጓሮ ባለች ክፍል ስቱዲዮ ከፍቶ ነበር፤ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ የከበሮ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር። ሚዲ በሚባለው፣ ማሽኖች ምት በሚቀባበሉበት ገመድ አገናኝቼ በአንድ ምት ማስኬዱ ለእኔ ተሰጠ፤ እንግሊዝኛ አነብ ነበርና። መመሪያው «አንዱ ይምራ፣ ሌላው ይከተል» ይላል። እኔ ግን በልጅነቴ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተማሪ ነበርኩ። በማኅሌት ለግራውም ለቀኙም የየራሱ መሪ አለው፤ ዜማው ግን አይፋለስም። ማሽኖቹም እንዲያ መሰሉኝ። ለኪቦርዱም ለከበሮ ማሽኑም አንድ ዓይነት ፍጥነት ሞልቼ ሁለቱንም መሪ አደረግኳቸው። በማኅሌት ግራው ቀኙን ይሰማል፤ ማሽን ግን ጆሮ የለውም። ይህን አላሰብኩም።

ጎረቤታችን ጋሽ ተክሌ ከአባቴ ሰርግ በፊት ጀምሮ ማሲንቆ የሚመቱ ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸው ልትዳር ስለሆነ የሰርጓን ዘፈን በእሳቸው ማሲንቆ ልንቀዳ ጠራናቸው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ተበታተነ።

«ጋሼ፣ ማሽኑን ይከተሉታ!» አለ ደረጀ።

«የቱን ልከተል አንተ? አንዱ ወደ ራቤል፣ አንዱ ወደ ደብረ ብርሃን ይነዳል። እኔን መሐል መንገድ ላይ ገትራችሁ ቶሎ በል ትሉኛላችሁ!»

ደረጀ ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። «ማሽን ይስታል እንዴ?»

ያን ጊዜ ኪቦርዱን አየሁ። የራሱን ምት ይቆጥራል እንጂ ከከበሮው ምንም አይቀበልም። አወቅሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እዚያው አወቅሁ።

«ማሽን አይስትም» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ጋሽ ተክሌ ደጋግመው ሞከሩ፤ ግንባራቸውን አላባቸው። ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ። «እውነቱን ንገረኝ ልጄ፤ ጆሮዬ ነው?»

«ዕድሜ ነው ጋሼ፤ ምን ይደረጋል።»

የመጀመሪያውን በድንጋጤ ነው ልበል። ይህኛውስ?

በማግስቱ ኪቦርዱን ተከታይ አደረግሁት፤ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር። በማሲንቆው ፈንታ የኮምፒውተር ድምፅ አስገባሁ፤ ሁሉም ልክ ሆነ። ደረጀ «አንተ ሊቅ ነህ!» አለኝ፤ እኔም ምስጋናውን ዋጥኩት። ጋሽ ተክሌ ከዚያ ወዲህ ለክርስትናም ለሰርግም ሲጠሩ «ጆሮዬ ከድቶኛል» እያሉ ቀሩ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። ለዕረፍት ስመለስ ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄድኩ። አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳልናገር ወጣሁ። እንዳላሳዝናቸው ብዬ ነው? አይደለም። ጎበዝ የሚለውን ስሜን ላለማጣት ነው። እኔ ለዚያ ስም የሰው ጆሮ ቀማሁ።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታው የእሳቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ የበደላቸውን ሰው አያውቁም። እንዲያውም መርቀውኛል። በሰርጉ ዕለት ያ ዘፈን ሲለቀቅ ከሽማግሌዎቹ ጋር ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲያልቅ ጠሩኝና «ጎሽ፣ አንዴም አልሳተም። እደግ!» አሉኝ። ከዚያ ማሲንቆአቸውን አስመጥተው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከሩቅ ለመጣ ወጣት ተጫዋች ሰጡት። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ቀኑ እሑድ፣ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር።